ስጠራው ይመጣል

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅናት የጻፍኩት ነገር ብዙ ሰው ሳያስኮርፍ አልቀረም፤ ስልኬ ሲጮህ ነው የከረመው። ይሁን! ዛሬ ከቅናቱም ከፍቺውም ትንሽ ወጣ እንበል። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ስለ በግ ነው። አዎ፣ ስለ በግ! ኧረ ገና ሳታነቡት አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እስቲ አብረን እንየው።

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። አዲስ አበባ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምሠራው ሞባይል ጥገና ቤት ነው። ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት አንዲት በጋችን በወለደች በሁለተኛው ቀን ሞተችብን። እናቴ ‹ግልገሉ አይተርፍም፣ በከንቱ አትድከም› ብላኝ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። የላም ወተት በጡጦ እያጠጣሁ፣ ሌሊት ሌሊት ባናዬ ውስጥ እያስተኛሁ አሳደግኩት። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦቃ አልኩት።

«ባለፈው ገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። ዓመት ሙሉ አላየኝም። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ‹ቦቃ!› ብዬ ስጠራው ከመንጋው ተነጥሎ እየሮጠ መጣና ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደገፍ አድርጎ ቆመ። ሰው እንኳ እንደዚያ አልተቀበለኝም። እናቴም ቢሆን ስደውልላት የቤተሰቡን ደህንነት ዘርዝራ ስታበቃ ‹ቦቃም ደህና ነው› ሳትል ስልኩን አትዘጋም።

«ከሳምንት በፊት ደወለችና ‹ለፋሲካ ና፤ ቦቃን እናርደዋለን። አርጅቷል፣ ከዚህ በላይ ቢቆይ ሥጋው ይጠነክራል፣ የሚገዛውም አይገኝም› አለችኝ። ‹እሺ› ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እጮኛዬ አይታኝ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደነገጠች። የሆነውን ስነግራት ግን ሳቀች። ‹ለበግ የሚያለቅስ ወንድ ዛሬ ገና አየሁ!› አለችኝ። ለጓደኞቿም ነግራቸው አሁን እኔኑ ‹ቦቃ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

«እኔ እኮ ሥጋ እበላለሁ። በግ አርጄም አውቃለሁ። ታዲያ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ታምሜ ይሆን? እናቴንስ ምን ልበላት? ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለች። እርሷን ልኬላት ‹አትንኪው› ልበላት? ወይስ ጨርሶ ለበዓሉ ባልሄድ ይሻለኛል?

ቦቃ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

ወንድሜ ቦቃ፣ ስሙን ከወደድከው እኔም በዚሁ ልጥራህ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔም የዚያው ቁር ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ በግ የጠበቅሁት እዚያው ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የምመልስልህ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የራሴም ዕዳ አለብኝ፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

አልታመምክም

ጤነኛ ነህ። በሽታ ቢሆን ኖሮ በግ የጠበቀ ልጅ ሁሉ ሆስፒታል ይተኛ ነበር። ልዩነቱ አንተ አለቀስክ፣ ሌላው ደግሞ «ጭስ ገባብኝ» ብሎ ዓይኑን ያብሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት በግ ልጇን የምታውቀው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ እየላሰች፣ በሽታው ነው። በዚያን ጊዜ ኦክሲቶሲን የሚባለው ንጥረ ነገር አእምሮዋ ውስጥ ይለቀቅና «ይሄ የእኔ ነው» ያሰኛታል። ከዚያ በኋላ የሌላ በግ ግልገል ሊጠባ ቢመጣ በግንባሯ ገፍትራ ነው የምታባርረው። ይኸው ንጥረ ነገር የሰው እናት ሕፃኗን ስታጠባም ይሠራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ደግሞ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲኑ በሁለቱም ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል።

እንግዲህ አስበው። የዚያ ግልገል እናት በሁለተኛው ቀን ሞተች። ጡጦውን የያዘው እጅ የአንተ፣ የሌሊቱ ሙቀት የአንተ፣ ሽታውም የአንተ ሆነ። አንተም በ20 ዓመትህ «አይተርፍም» የተባለ ነፍስ ሌሊት ተነስተህ አተረፍክ። ሰው ሌሊት የተነሳለትን ነገር አይረሳም። ያለቀስከውም ለሥጋው አይደለም፣ ለእነዚያ ሌሊቶች ነው።

እርሱስ ይወድሃል ወይስ ገብስህን?

ይህን ጥያቄ አልጠየቅኸኝም። እጮኛህ ግን ሳትጠይቅህ አትቀርም። «በግ ምን ያውቃል?» ትልሃለች። ቋንቋችንም ቢሆን በበግ ላይ ፈርዶበታል፤ ሞኝ ሰው ስናይ «በግ ነው» እንል የለ?

በጉ ግን እንደምናማው አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው እንደሚያውቁና ከሁለት ዓመት በኋላም እንደማይረሱ አሳይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎችን የታዋቂ ሰዎችን ፎቶ እንዲለዩ አሠለጠኗቸው። ከፎቶዎቹ አንዱ የባራክ ኦባማ ነበር። በጎቹ ለዩት! ከዚያ ተመራማሪዎቹ ምንም ሳያሠለጥኗቸው የጠባቂያቸውን ፎቶ ከማያውቁት ሰው ፎቶ ጎን አቀረቡላቸው። በጎቹ ግራ ተጋብተው አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ካዩ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመረጡት የጠባቂያቸውን ነው።

ስለዚህ ቦቃ ከዓመት በኋላ አንተን ማወቁ ተአምር አይደለም፤ የበግ ወጉ ነው። «ወደደኝ» ማለት ትችላለህ ወይ? በእኛ ቃል «ፍቅር» ብለን እንጥራው ወይስ አንጥራው፣ እርሱን ለፈላስፎች እንተወው። ገብስ ሳትይዝ ስትጠራው መጥቶ ግንባሩን ጉልበትህ ላይ አሳርፏል። ስንት ሰው ነው ባዶ እጃችንን ስንጠራው የሚመጣልን? እስቲ ቁጠር።

አይጥም ትስቃለች

ለእጮኛህ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልህ። እኛ አገር አይጥ ማለት የጎተራ ሌባ ናት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ብለን ተረት ውስጥ ያስገባናትም ለስርቆቷ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ስም አውጥተው፣ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው የሚያሳድጓት ሰዎች አሉ። ስትሞት ደግሞ ያለቅሳሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ ስለማትኖር ቶሎ ቶሎ ነው የሚያለቅሱት፣ ምስኪኖች!

እብደት ነው እንዴ? ያክ ፓንክሴፕ የሚባለው ሳይንቲስት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አይጦችን በእጁ ኮረኮራቸው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አጠገባቸው ነበር። አይጦቹ በጨዋታ ጊዜ የሚያሰሙትን ቀጭን ድምፅ አሰሙ። እርሱ ሳቅ አለው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የኮረኮራቸውን እጅ እየተከተሉ መሄዳቸው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በርሊን ውስጥ ተመራማሪዎች ከአይጦች ጋር ድብብቆሽ ተጫወቱ። አይጦቹ መደበቅም መፈለግም ተማሩ። ሽልማታቸው ምግብ አልነበረም፤ መኮርኮርና መጫወት ብቻ!

ማጋዋን የማያውቅ ካለ ደግሞ ይወቅ። ታንዛኒያ ውስጥ ተወልዶ የሠለጠነ ትልቅ አይጥ ነበር። ካምቦዲያ ተልኮ በአፍንጫው ከ100 በላይ ፈንጂዎችንና ያልፈነዱ ጥይቶችን አገኘ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የጀግንነት የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠው፣ ጡረታ ወጥቶ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሞተ። እርሱ ባጸዳው መሬት ላይ ልጆች እየሮጡ ነው። እንግዲህ ለአይጥ የሚያለቅስ ሰው ካለ፣ ለበግ ያለቀሰውን ማን ይስቅበታል?

ሩቅ አገር ወሰድሽኝ እንዳትለኝ ወደ ቤታችን ልመልስህ። ጓሳን ታውቀዋለህ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር ምድር። አባቶቻችን ለ400 ዓመት ያህል በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለክዳን የሚታጨድበት፣ ከብት የሚገባበት ጊዜ በደንብ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ ጥበቃውን በራሱ መንገድ መልሶ አቁሞታል። እዚያ ቀይ ቀበሮው የሚኖረው በአይጥ ነው። ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎች መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣሉ፤ ከእርሱ ግን አይሸሹም። ለምን? ቀስ ብሎ ነው በመሐላቸው የሚሄደው፣ ልጆቻቸውንም አይነካም።

ይህን ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። በሁለት ፍጡር መካከል መተማመን የሚፈጠረው አንዱ ማድረግ የሚችለውን ክፉ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ሳያደርገው ሲቀር ነው። የሰውና የእንስሳም እንደዚያው ነው፤ የሰውና የሰውም እንደዚያው። ጣጣው ደግሞ ከዚያ ይጀምራል።

እኔ የጠራሁት

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳለቻ የሚባል በግ ነበረኝ። እርሱንም እንደ አንተ ጠቦት ሳለ በእጄ ነው ያሳደግኩት። በዚያ ዓመት ውርጭ ገብሳችንን መታብን፣ የማዳበሪያ ዕዳ ደግሞ ቀን ቆርጦ ቆሟል። አባቴ ነጋዴ ይዞ መጣ።

ዳለቻ ገመዱን አመለጠና ወደ ዳገቱ ወጣ። ሦስት ወንዶች ሮጠው ሮጠው አቃታቸው። ነጋዴው ሊሄድ ሆነ። ያን ጊዜ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ አንቺ ጥሪው፣ ላንቺ ይመጣል» አለኝ።

ጠራሁት። መጣ። ገብስ የያዝኩ አስመስዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። ምንም አልነበረበትም። ባዶ መዳፌን እየላሰ ሳለ ነው ገመዱ አንገቱ የገባው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ማለት ነው። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የምላሱ ሻካራ ግን እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ። አባቴ በዚያ ማታ እራት አልበላም፤ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ተኛ። ለብዙ ዓመት ተቀይሜው ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። እኔ በእጄ ያሳደግኩት በግ ለበዓል ሲደርስ አባቴ ከጎረቤት ጋር ይለዋወጠው ጀመር፤ የእነርሱ በግ እኛ ቤት ይታረዳል፣ የእኛ እነርሱ ቤት። ጎረቤታችን እየሳቀ «በግ ለበግ መለዋወጥ ምን ይሉታል?» ሲለው ከጓሮ ሆኜ ሰማሁ። አባቴም «ልጅቷ እንዳትጠራው ብዬ ነው» አለው። ሌላ ምንም አላለም። ለእኔም አንድ ቀን አልነገረኝም። ዛሬ በሕይወት የለም፤ ሰምቼህ ነበር አላልኩትም።

የእናትህ ባንክ

አሁን ወደ እናትህ። ስልክ ላይ የተናገረችውን ቁጭ ብለህ መልሰህ ስማው።

መንዝ ላይ በግ ባንክ ነው። ገብሱ በውርጭ ይመታል፣ በልጉ ይቀራል። በጉ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ባናውና በርኖሱ ከጠጉሩ፣ ደብተሩና መድኃኒቱ ከሽያጩ ነው። የዚያ አገር በግ ትንሽ ነው፣ ግን ቁሩን የሚችል፣ ጠጉሩ ወፍራም ነው። እንደዚህ ያለ ባንክ ደግሞ ሕግ አለው፤ ጠቦቱ ጥሩ ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ ይሸጣል። እንዲያውም ችግሩ ይኸው ነው። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ስለሚሸጥ ለአውራነት የሚቀረው ደካማው ይሆናል። ለዚህ ነው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆነው፣ የተሻሉትን ጠቦቶች እየመዘገቡና እየመረጡ ለአውራነት በጋራ ማስቀረት የጀመሩት።

እንግዲህ ልጠይቅህ። ቦቃ ጠቦት ሳለ፣ የሚገዛው ሞልቶ ሳለ፣ ለምን አልተሸጠም? አንተ አዲስ አበባ ነህ። የሚጠይቃት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ መኖ አብልታ፣ ሦስት ፋሲካ አሳልፋ አቆየችው። ስትደውልላት ደግሞ «ቦቃም ደህና ነው» ትልሃለች። አንተ ይህን የጻፍክልኝ እንደ ዋዛ ነው። እኔ ሳነበው ግን እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ወንድሜ፣ እናትህ ሦስት ዓመት ያቆየችው በግ ሳይሆን የአንተን ድርሻ ነው። ልጇ የተኛበት ባና ውስጥ የተኛ በግ ነዋ! አሁን ደግሞ ከማረዷ በፊት ደወለች። ባትደውልስ? አርዳ፣ ወጡን ሠርታ፣ አንተ ስትደርስ «ብላ» ማለት ትችል ነበር። አልዋሸችህም። በእናቶቻችን ቋንቋ ያ ስልክ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ጥያቄ ነው። አንተ «እሺ» ብለህ ዘጋኸው።

እንግዲህ ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ ገንዘብ ልኬ «አትንኪው» ልበላት ያልከውን ተወው። ትእዛዝ ይመስላል፤ ከተማ የገባ ልጅ በብር እናቱን ሲያዝ አያምርም። መልሰህ ደውልላት። «እማዬ፣ ያን ቀን እሺ ያልኩሽ ከልቤ አልነበረም፤ ቦቃን ብናቆየው ይከብድሽ ይሆን?» በላት። ይኸው ነው። እርሷ የምትመልስልህን ደግሞ ስማ።

ሁለተኛ፣ እውነቱን እወቅ። ቦቃ በዚያ መንጋ ውስጥ አውራ ሆኖ ከቆየ ከራሱ ልጆች ጋር ይገናኛል፣ የሚወለዱትም ይደክማሉ። ማቆየት ማለት መኖም፣ የተለየ ቦታም ማለት ነው። እናትህ መኖውን የምትሰጠው ከሌላ በግ ቀንሳ ነው። ስለዚህ «ይቆይ» የምትል ከሆነ ከገንዘብህ የምትችለውን በየጊዜው ለመኖው አግዝ። የቤት ኪራይህን ግን አትንካ! ጎዳና ወጥተህ በግ አታሳድግም።

ሦስተኛ፣ ለበዓሉ የሚሆን ሌላ በግ አንተ ግዛ። ካልቻልክ ደግሞ የአባቴን መንገድ ንገራት፤ ከጎረቤት ጋር ይለዋወጥ። ለሞት አይቀርለትም፣ እርሱን አልደብቅህም። በራሱ ደጅ፣ በሚያምነው ሰው እጅ ግን አይሆንም። ይህ ለበጉ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ እርግጠኛ አይደለሁም። ለአንተ ግን ያመጣል።

አራተኛ፣ «አይ ልጄ፣ አልችልም፣ መታረዱ ነው» ካለችህም አትቀየማት። ሂድ፣ ከበዓሉ ቀደም ብለህ ግባ። ጋጣው ውስጥ አብረኸው ተቀመጥ፣ ገብስ ይዘህለት ግባ፣ ባዶ እጅህን አትግባ። በዕለቱ ግን አንድ ነገር እምቢ በል፤ «አንተ ጥራው» ቢሉህ አትጥራው። ሥጋውን አልበላም ካልክም መብትህ ነው፣ ሽሮ በሞላበት አገር! «አሳድጌው እንዴት ልብላው» ያለ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ዋናው ነገር ደግሞ ፋሲካን እንዳትቀር። በግ ላለማየት ብለህ እናትህን እንዳታስቀይም።

አምስተኛ፣ እጮኛህ። መሳቋ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ከተማ ያደገች ልጅ በግን የምታውቀው በበዓል ዋዜማ ነው፤ ከቀትር በፊት ታስሮ፣ ከቀትር በኋላ ተሰቅሎ። ስለ ጡጦውና ስለ ባናው ነገርካት ወይስ «በጌ ሊታረድ ነው» ብቻ አልካት? ሙሉውን ንገራት። ሰምታ ሁለተኛ ከሳቀች፣ ያን ጊዜ ስለ በጉ ሳይሆን ስለ አንተ ነው የምትስቀውና ቆም ብለህ አስብ። ለጓደኞቿ መንገሯን ግን በግልጽ «ከፍቶኛል» በላት። ዕንባህን ያየ ሰው አደራ ተቀብሏል። አደባባይ ሊያወጣው አይገባም።

ለከተሜዎቹ

በመጨረሻ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንባቢዎቼ። በዓል ሲደርስ በግ ከሳምንት በፊት ገዝታችሁ በረንዳ ላይ ታስሩታላችሁ። ልጆች ስም ያወጡለታል፣ ጎመን ያጎርሱታል፣ ትምህርት ቤት ሄደው ያወሩለታል። ከዚያ በበዓሉ ጠዋት በሩን ከፍተው ያዩታል። ማታ ደግሞ «ምን ሆነህ ነው የማትበላው?» ብላችሁ ትቆጣላችሁ! ወይ በጉን በዋዜማው አምጡት፣ ወይ ደግሞ ለልጁ ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን ንገሩት። «ሄደ፣ ጠፋ» ብላችሁ አትዋሹት። ልጅ በጉን ይረሳ ይሆናል፣ መዋሸታችሁን ግን አይረሳም።

ቦቃ ወንድሜ፣ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ዛሬ ማታ ደውል። ከእናትህ ጋር የተነጋገራችሁትን ጻፍልኝ፤ እዚህ ገጽ ላይ ባላወጣውም ማወቅ እፈልጋለሁ። አንተ የምትጠይቀው ሰው አለህ። እኔ አባቴን «ስለ ዳለቻ ምን ተሰምቶህ ነበር?» ብዬ ሳልጠይቀው ነው ያመለጠኝ።

ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ይዤ እስክመጣ፣ ቸር እንሰንብት!